ፕሌይስቴሽኑ ኮፒ ሲዲ ለምን አይቀበልም ነበር?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ሥራ ላይ ያላችሁ ደሞ ማታ አንብቡት።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን ሞባይል ይጠግናል፣ ከጎኑ ሁለት ስክሪን ሰቅሎ ጌም ያጫውታል። ሰሞኑን በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ አንድ ደንበኛዬ ‹እናንተ ጌም ቤቶች እኮ ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ፣ ከድሮ ጀምሮ በኮፒ ነው የኖራችሁት› አለኝ። ምን ልመልስለት? ደሞ ድሮ ቺፕ ያልተደረገበት ፕሌይስቴሽን ኮፒ ሲዲ ለምን አይቀበልም ነበር? ራይተሩ እኮ አንድም ሳያስቀር ነው የሚገለብጠው።»

ሁለት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ይቀላል፣ ከሱ ልጀምር። የመጀመሪያው ላይ ስንደርስ ትንሽ ትታገሱኛላችሁ።

የኔ ዕድሜ የሆናችሁ የሰፈራችንን ጌም ቤት ታስታውሳላችሁ። በኛ አቆጣጠር 1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት ትናንሽ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ሳንቲም ጨብጦ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ። የተሸነፈ ይነሳል። ዊኒንግ ኢለቨን በጃፓንኛ ነበር የተጻፈው፤ አንዳችንም አንዲት ፊደል አናነብም፣ ግን የቱ «ጀምር» እንደሆነ፣ የቱ ተጫዋች መቀየሪያ እንደሆነ ከባለቤቱ በላይ እናውቅ ነበር። ሌንሱ ሲደክም ማሽኑ ተገልብጦ ይጫወታል። (ይሄ ቀልድ አይደለም። የሌንሱ መሄጃ ፕላስቲክ በሙቀት ይጎብጣል፣ ሲገለበጥ የተሻለ ያነባል። አሜሪካ ያሉ ልጆችም እንደዚያ ያደርጉ እንደነበር ያወቅኩት አድጌ ነው።) ሲዲዎቹ በቀጭን ላስቲክ ውስጥ ናቸው፣ ስማቸው በማርከር ተጽፎባቸዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ በካርቶኑ የመጣ ኦሪጂናል ጌም አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ሲዲ ምንድነው? ተማሪዎቼ የነበራችሁ ሰሌዳ ላይ የምስላትን ታስታውሳላችሁ። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መሃል ያመጡታል አይደል? ሲዲ የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ከመሃል ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዳር የሚወጣ አንድ ረጅም መስመር። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው ዙር መሃል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትርን ሺህ ቦታ ከፍላችሁ አንዷንና ግማሿን እንደማለት። መረጃው እዚያ መስመር ላይ ነው የተጻፈው፣ ዜሮና አንድ እየሆነ።

ዜሮና አንድ ደሞ ሲገለበጥ አይደክምም። ካሴት ከካሴት ስትገለብጡ ድምፁ እየተበላሸ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ኮፒ ላይ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የሲዲ መቶኛ ኮፒ ግን ከመጀመሪያው እኩል ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 ፕሌይስቴሽንን ጃፓን ውስጥ ሲያወጣ የገጠመው ችግር ይሄ ነበር፤ መረጃውን እንዳይገለበጥ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ መረጃውን ተዉትና ምልክቱን መረጃ ያልሆነ ነገር ላይ አስቀመጡት። እኔ ይሄን ነገር ሳስበው ሁሌም ይገርመኛል።

ያደረጉት እንዲህ ነው። ፋብሪካው ሲዲውን ሲሠራ፣ ማሽኑ መጀመሪያ የሚያነበው የመሃለኛው ዙሪያ ላይ፣ መስመሩን ራሱን ግራ ቀኝ ትንሽ ያወላግደዋል። ሌንሱ መስመሩን እንዳይስት አብሮ ይወላገዳል። ፕሌይስቴሽን ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ደሞ ያንን የሌንሱን ግራ ቀኝ ማለት እንደ መልእክት ያነበዋል። መልእክቱ አራት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው፦ ለጃፓን ኤስ፣ ሲ፣ ኢ፣ አይ፤ ለአሜሪካ ኤስ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ፤ ለአውሮፓ ኤስ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኢ። በቃ። ፊደሎቹ ከተገኙ ጨዋታው ይከፈታል፣ ካልተገኙ ደጅ ላይ ትቀራላችሁ።

አሁን ራይተሩን አስቡት። ኦሪጂናሉን ሲያነብ መወላገዱን አይነግራችሁም፤ ለሱ መንገዱ መንገድ ነው፣ ጭነቱን ብቻ ነው የሚያመጣው። ሲጽፍ ደሞ የባሰ ነው። ባዶ ሲዲ ላይ መስመሩ ከፋብሪካ ታርሶ የመጣ ቦይ ነው። ራይተሩ ያንን ቦይ ተከትሎ ያቃጥላል እንጂ የራሱን ቦይ አያርስም። ስለዚህ ኔሮ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ሲላችሁ እውነቱን ነው፤ መረጃው ሁሉ ተገልብጧል። የቀረው መረጃ ያልሆነው ነው።

(የሲዲው ጀርባ ጥቁር መሆኑ ነው ሚስጥሩ የሚሉ ነበሩ። እኛ ሰፈርም አንድ ታላቅ ወንድማችን ጥቁር ባዶ ሲዲ ከአዲስ አበባ ካልመጣ ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ብቻ ነው፣ ሌንሱ በውስጡ ያልፋል።)

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይሄ ቁልፍ መገልበጥን አይከለክልም። የተገለበጠውን እንዳይጫወት ነው የሚከለክለው። ይሄ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፣ ግን አውስትራሊያ ውስጥ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ሶኒ ቺፕ የሚሸጥና የሚገጥም አንድ ሰው ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ፍርድ ቤቱ ለሰውየው ፈረደለት። ምክንያቱም የዚያን ጊዜው ሕግ የሚጠብቀው መገልበጥን የሚያግድ መከላከያን ነው፣ ይሄኛው ግን ሲገለበጥ ዝም ብሎ አይቶ በኋላ በር ላይ የሚያንጓጥጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉን አሻሻሉት፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ግን ዳኞች ቁጭ ብለው የሲዲ ቦይ መወላገድ ላይ መከራከራቸው ለኔ ደስ የሚል ነገር ነው።

ቺፑስ? ቺፑ ስምንት እግር ያላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ነገር ናት። ከአራት እስከ ሰባት በሚሆን ቀጭን ሽቦ በካውያ ቦርዱ ላይ ትበየዳለች። ሥራዋ ሌንሱ ምንም ያንብብ ምን፣ ለመቆጣጠሪያው እነዚያን አራት ፊደሎች ደጋግማ ማንሾካሾክ ነው፤ በሰከንድ 250 ቢት ብቻ፣ ቀስ ብላ። መቆጣጠሪያው ከሲዲው የመጣ ይመስለዋል፣ ይከፍታል። ሲዲውን የሚያጭበረብር ነገር የለም። የሚያጭበረብሩት ዘበኛውን ነው።

መጀመሪያ የወጡት ቺፖች ግን ወሬያቸውን አያቆሙም ነበር፤ ጨዋታው ከተከፈተም በኋላ ይለፈልፋሉ። ጌም ሠሪዎቹ ይሄን አወቁ። ኦሪጂናል ሲዲ ላይ ፊደሎቹ ያሉት መሃል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጌሞች ሌንሱ ሌላ ቦታ ላይ እያለ «ፊደል ይሰማል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። መሰማት በማይገባው ሰዓት ከተሰማ፣ ያዙት! ጨዋታው ቆመ። ቺፑ ምላሱ አስያዘችው። ቀጥሎ የመጡት ቺፖች በሩ ሲከፈት ዝም ማለት የተማሩ ናቸው። እንዲህ ነው የተያያዙት፣ ለዓመታት።

አሁን ወደነዚያ ፊደሎች ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም የተማሪዬ የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው እዚያ ነው። አራቱ ፊደል ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። አንደኛው «ይሄ ኦሪጂናል ነው» ማለት፤ ሁለተኛው «ይሄ የእንትን አገር ነው» ማለት። የጃፓን፣ የአሜሪካ፣ የአውሮፓ። አፍሪካ የራሱ ፊደል የለውም፤ በአውሮፓው ውስጥ ነው የተጠቃለለው። ስለዚህ አንድ ሰው አሜሪካ ካለው ዘመዱ ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ኦሪጂናል ጌም ቢላክለትና ማሽኑ ለአውሮፓ የተሸጠ ቢሆን፣ ጌሙ አይከፈትለትም። ማሽኑ ኮፒውን በሚያይበት ዓይን ነው የሚያየው። ጃፓንኛው ዊኒንግ ኢለቨንም እንደዚያው። እንደኛ ካለ ቦታ፣ ዕቃ ከዱባይም ከአሜሪካም ከአውሮፓም በሻንጣ በሚመጣበት አገር፣ ቺፕ የሌለው ማሽን ግማሽ ማሽን ነው። ቁልፉ «ከፍለሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «ከየት ነህ?» ነው የሚለው፣ እኛ ደሞ ከዝርዝሩ ውስጥ የለንም።

ይሄን ይዛችሁ ወደ ፒኤስ ስሪ ኑ። ሙሉውን ታሪክ አልነግራችሁም፣ ግን አንዱ ክፍል ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ነው። ዶንግል የሚለው ቃልም የሚገባው እዚህ ነው።

ፒኤስ ስሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ወጣ። አራት ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በኮፒ ጌም የከፈተው ሰው አልነበረም። ሲገዙት ሊነክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም መጫን የሚፈቅድ ማሽን ነበር፤ የአሜሪካ አየር ኃይል እንኳን 1,760 የሚሆኑ ፒኤስ ስሪዎችን አያይዞ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ሠርቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2010 በወጣ ማሻሻያ ሶኒ ያንን ፈቃድ አነሳ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ አንድ ፍላሽ የሚመስል ዶንግል ገበያ ላይ ወጣ። ማሽኑ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ማብሪያውን ቀጥሎም የዲስክ ማውጫውን ትጫናላችሁ፣ ይከፈታል። ዶንግሉ የሚሠራው ማሽኑን በማደናገር ነው። ራሱን ብዙ ቀዳዳ ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ አስመስሎ ያቀርባል፣ የሌሉ ዕቃዎችን አከታትሎ ይሰካል ይነቅላል፣ ማሽኑ መዝገቡን ሲያምታታ በመሃል የራሱን ትእዛዝ ያስገባል። ሳምንታት ሳይቆዩ ፕሮግራመሮች ያንኑ ሥራ በነፃ ለቀቁት፤ ስልክ ላይ፣ አልፎ ተርፎ ተማሪ በሚይዘው ግራፍ መሳያ ካልኩሌተር ላይ ሳይቀር ሠራ። ሶኒ በሴፕቴምበር ቀዳዳውን ደፈነው።

ይሄ እንኳን ጊዜያዊ ነው። እውነተኛው ጉድ የመጣው በዲሴምበር 2010 ነው። ያኔ በርሊን ላይ በየዓመቱ ይደረግ በነበረ የሃከሮች ጉባኤ ፌይል ኦቨርፍሎው የሚባሉ ልጆች መድረክ ላይ ወጥተው የሶኒን የሚስጥር ቁጥር እንዴት እንዳሰሉት አሳዩ። እደግመዋለሁ፣ አልሰረቁትም፣ አሰሉት። ያሰሉት ደሞ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ በሆነ ነገር ነው።

እንዲህ ነው። ሶኒ እያንዳንዱን ፕሮግራም በሚስጥር ቁጥሩ ይፈርምበታል፤ ማሽኑ ፊርማውን አይቶ ነው የሚከፍተው። ፊርማው ሲሠራ ሁለት የማይታወቅ ቁጥር ይገባል። አንደኛው ዋናው የሚስጥር ቁልፍ ነው፤ «ሀ» እንበለው። ሁለተኛው ለያንዳንዱ ፊርማ አዲስ የሚወጣ የዕጣ ቁጥር ነው፤ «ለ» እንበለው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዕጣው በያንዳንዱ ፊርማ መቀየር አለበት። ሶኒ ግን ሁልጊዜ አንዱን ቁጥር ነበር የሚጠቀመው።

ይሄ ምን ችግር አለው? እስቲ በትንሽ ቁጥር እንሥራው። እውነተኛዎቹ 49 አሃዝ ሊደርሱ የሚችሉ ናቸው፣ የሒሳቡም ዓይነት ከዚህ ትንሽ ይለያል፣ ግን ሐሳቡ ያው ነው። ከአንዱ ጌም ፊርማ ይሄን አገኘን እንበል፦ 5ለ = 7 + 2ሀ። አንድ እኩልታ፣ ሁለት ያልታወቀ። አይፈታም፣ ሺህ ዓመት ብትቀመጡም። ከሌላው ጌም ደሞ፦ 3ለ = 1 + 2ሀ። ለ ያው ከሆነ አንዱን ከአንዱ ቀንሱ። 2ለ = 6፣ ለ = 3። መልሳችሁ አስገቡት፣ 15 = 7 + 2ሀ፣ ሀ = 4። አበቃ። የሚስጥር ቁልፉ 4 ነው። አሁን እናንተም እንደ ሶኒ መፈረም ትችላላችሁ።

ዕጣው ቢቀየር ኖሮስ? ሁለተኛው ጌም አዲስ ያልታወቀ ቁጥር ይዞ ይመጣ ነበር። ሁለት እኩልታ፣ ሦስት ያልታወቀ። ሦስተኛ ጌም ብትጨምሩ አራት ያልታወቀ። ሁሌም አንድ ይጎድላችኋል። ያ ነው ጠቅላላ ጥበቃው።

እኔ ይሄን ክፍል ውስጥ ሳስተምር «ቲቸር፣ ሒሳብ ምን ያደርግልናል?» የሚሉት ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች ናቸው ቀድመው እጃቸውን የሚያወጡት። ሚሊዮኖች የገዙት ማሽን በር በማስወገድ ዘዴ ተከፈተ። መጽሐፉ ላይ ያለው «አልማዝ 3 ብርቱካንና 2 ሙዝ ገዛች» እንዲህ አላነቃቸውም። ዲፕሎማ ያለው የአይሲቲ መምህር ሒሳብ ውስጥ ምን አገባው የሚል ካለ፣ ይግባ፣ ክፍሉ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። የቆለፈውን የሚሰብሩትም ይቆልፋሉ። ኔንቲዶ ስዊች የሚባለውን ማሽን የሚከፍት ዶንግልና ሶፍትዌር ይሸጡ የነበሩ ሰዎች የራሳቸውን ሶፍትዌር በፈቃድ ቁጥር ቆልፈውት ነበር። እሱን ለመስበር የሚሞክር ካለ ማሽኑን እስከመዝጋት የሚደርስ ወጥመድ እ.ኤ.አ. በ2018 ውስጡ ተገኝቶበታል። ሌባው ቤቱን ቆልፎ ተኛ ማለት ነው። ከነሱ መሃል ጌሪ ባውዘር የሚባል ካናዳዊ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 አሜሪካ ውስጥ የ40 ወር እስር ተፈርዶበታል፣ በሚሊዮኖች ዶላር ካሳም ተጥሎበታል። (ማሪዮን የሚያባርረው ክፉው ገጸ ባሕርይም ስሙ ባውዘር ነው። እኔ አላወጣሁለትም።)

ስለ ዶንግል ካነሳን፣ ሞባይል ጠጋኞች ታውቁታላችሁ። ስልክ ለመክፈትና ሶፍትዌር ለመጫን በየሱቁ ላፕቶፕ ላይ የምትሰካዋ ዕቃ ያች ናት። ሶፍትዌሩን ከኢንተርኔት ማንም ያወርደዋል፤ ያለ ዶንግሉ ግን አይንቀሳቀስም። ብልሃቱ ከይለፍ ቃል የተለየ ነው። ይለፍ ቃል ለጓደኛ ይነገራል። ዶንግሉ ግን ሚስጥሩን አይናገርም። ሶፍትዌሩ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ እሱ ውስጡ ባለው ሚስጥር አስልቶ መልሱን ብቻ ይመልሳል። የሚቀጥለው ጥያቄ ሌላ ነው፣ መልሱም ሌላ። የድሮውን መልስ ቀድታችሁ ብታስቀምጡ አይጠቅማችሁም።

ጥሩ ነገር ነው፣ ዶንግሉ እስካለ ድረስ። በአንድ ወቅት የሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤትና መታወቂያ የሚያወጣ ሶፍትዌር ነበረው፣ በደንብ የተከፈለበት። ከላፕቶፑ ጎን የምትሰካው ዶንግል የጽዳት ቀን ጠረጴዛ ሲገፋ ተሰበረች። የሸጠን ድርጅት ስልክ አያነሳም፤ ቆይቶ ቢሮውን መዝጋቱን ሰማን። የስድስት ዓመት ውጤት ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፣ እናየዋለን፣ አንከፍተውም። ትራንስክሪፕት ፈልጎ ለሚመጣ ልጅ ከወረቀት መዝገብ በእጅ እየጻፍን ነው የሰጠነው። ቁልፉ የተሠራው ሌባ እንዳይገባ ነው፤ ሌባ መጥቶ አያውቅም፣ ውጭ የቀረው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ወደ ደንበኛው ቃል። «ሌቦች ናችሁ።»

ቀድሜ የማልቀበለውን ልናገር። «ሁሉም አገር ተሰርቋል፣ ሶኒ ምን ጎደለበት» የሚለውን አልወደውም። እውነት ነው፣ ያ እንደ ጉድ የተገለበጠው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፣ ሁለተኛው ከ155 ሚሊዮን በላይ። በሌላ በኩል ሴጋ ድሪምካስት የሚባለው ማሽን አለ። ቺፕ እንኳን ሳይፈልግ ኮፒ ሲዲ የሚጫወትበት ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2000 ተገኘበት፤ በጃንዋሪ 2001 ኩባንያው ማሽኑን መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። ድሪምካስትን ኮፒው ብቻ አልገደለውም፤ ገንዘብ ቀድሞ አልቆ ነበር፣ ፕሌይስቴሽን ቱም መጥቶበታል። ግን ከነዚህ ሁለት ማሽኖች አንዱን ብቻ እየጠቀሰ የሚከራከር ሰው ሲገጥማችሁ ሌላውን አንሱበት።

ደሞ አለ ቤታችን ውስጥ ያለው። ያው ራይተር፣ ያው ኔሮ፣ ያው ባዶ ሲዲ ነው ቀን ቀን ዊኒንግ ኢለቨን፣ ማታ ማታ የአገራችንን ዘፋኝ አልበም ሲገለብጥ የነበረው። የሙዚቃ ሲዲ ላይ መወላገድ የለም፣ አራት ፊደል የለም፣ ምንም የለም። ቺፕም አያስፈልገውም። አልበሙ በወጣ በሳምንቱ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ መንገዱ ላይ የተዘረጋው ግን አልተነሳም። ያ ዘፋኝ ካሴት ቤቱ መሃል ከተማ ነበር፣ ዋጋው በብር ነበር፣ ሄዶ መግዛት ይቻል ነበር። ያኔ ኮፒውን የገዛ ሰው «ምን ላድርግ፣ የሚሸጥልኝ የለም» ሊል አይችልም።

ለኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ያለው። ልጅ ሆነን ጌሙን የሚሸጥልን ማነው? ወኪል የለም፣ ሱቅ የለም፣ በብር የተጻፈ ዋጋ የለም፣ በፊደሉ ውስጥም የለንም። ዛሬስ? ዛሬ ኮፒ ሲዲ የለም፤ ሁሉም አካውንት ሆኗል። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አካውንት የሚከፍት ልጅ አገሩን ሲጠየቅ አሜሪካ ወይ ኤምሬትስ ብሎ ይሞላል፣ ከዚያ ጊፍት ካርድ ከሚሸጥ ሰው ከባንክ ምንዛሪ በላይ ከፍሎ ይገዛል። ገንዘብ ሊከፍል ነው እኮ! ሊከፍል ሲል ነው መዋሸት ያለበት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሄልዳይቨርስ ቱ የሚባል ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች ይሄንኑ አካውንት እንዲያስገቡ ሶኒ ሊያስገድድ ሲል፣ ኔትወርኩ በማይሠራባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከሽያጭ ተነሳ። ዓለም ጮኸ። ሶኒ በቀናት ውስጥ አካውንቱን ማስገደዱን ተወ። ብዙ አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ያን ቀን ነው «ለካ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለ አገር አለ» ያሉት። እኛ አዲስ ነገር አልሰማንም።

ስለዚህ ተማሪዬ፣ ለደንበኛህ ያንን ንገረው፤ ድሮ የተቀመጠበትን አግዳሚ ወንበርም አስታውሰው፣ ያኔ እሱም ኮፒ ነው የተጫወተው። ግን አንተም የሚቀርህ አለ። ኦሪጂናል ዲስክ በሁለተኛ እጅ ገዝተህ ብታጫውት እንኳን ፈቃዱ ለቤት ነው እንጂ በሰዓት ለማከራየት አይደለም፤ ያንን ፈቃድ እዚህ አገር የሚሰጥህ ሰው ባገኝ እኔ ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ። እስከዚያው ቢያንስ እዚህ የተሠራ ነገር፣ የአገር ልጅ የሠራው ጌም ይሁን መተግበሪያ ይሁን ዘፈን፣ በብር ዋጋው ተጽፎ ከመጣልህ አትገልብጠው። እሱ ላይ ምክንያት የለህም፣ እኔም ምክንያት አልፈልግልህም። ቺፕ መበየድህን፣ ዶንግል ማወቅህን፣ ስልክ መፍታትህን ግን ማንም እንደ ነውር እንዳያወራብህ። ያንን ሙያ የተማርከው ማንም ሊሸጥልህ ባልመጣበት ዘመን የተዘጋ ዕቃ እየከፈትክ ነው።

ብዙ አወራሁ። ኮመንት ላይ «ገልብጠን ነበር የምንጫወተው» የምትሉ ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ፣ ጻፉ፣ ማታ አነበዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ የተበላሸ ፕሌይስቴሽን ዋን ወይ ቱ ካለ አትጣሉት፣ ለልዋጭም አትስጡት። ለክፍል ነው የምፈልገው፤ ሁለት አግኝቻለሁ፣ ለአርባ ስምንት ልጅ አይበቃም። መሥራት የለበትም። ቺፕ የተደረገበት ከሆነ ግን አደራ፣ ሽቦዎቹን ሳትነቅሉ ላኩልኝ።